የእህቴ ልጅ መሆኗን ፓስፖርቷ አይናገርም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ክረምት የአሥር ዓመት የእህቴን ልጅ ይዤ ጀርመን ወደሚኖረው ወንድማችን ዘንድ ለመሄድ ተነሥቼ ነበር። ቪዛው በሁለታችንም ፓስፖርት ላይ ተለጥፏል፣ የልጅቷ እናትም አየር ማረፊያ ድረስ ሸኝታን ወደ ፒያሳ ተመልሳለች። ሻንጣ የተረከበችን ሠራተኛ ግን የወላጆቿን የስምምነት ሰነድ ጠየቀችኝ። ዋናውን ከቪዛ ማመልከቻው ጋር አስገብቼው ስለነበር በእጄ የቀረው በስልኬ ያነሣሁት ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ሠራተኛዋ ጎንበስ ብላ ልጅቷን «እሳቸው ምንሽ ናቸው?» ብትላት፣ «እማዬ» ብላ መለሰችላት። በእኛ ግቢ ልጆቹ እኔን እማዬ፣ ወላጅ እናታቸውን ግን በስሟ እንደሚጠሩ ለማስረዳት በሞከርኩ ቁጥር ጥርጣሬዋ ባሰ፤ በረራውም አመለጠን።

ሠራተኛዋን አልወቅስም። ልጅ በሰው እጅ ከአገር የሚወጣበት ክፉ መንገድ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ቅር ያለኝ ይህን ሰነድ መያዝ እንዳለብኝ፣ ምን ዓይነት ሰነድ እንደሆነም ቲኬት ስቆርጥ የነገረኝ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው።

ጉዳዩ እኛን ከሌላው ይልቅ የሚነካበት ምክንያት አለው። በአገራችን ልጅ የአባቱንና የአያቱን ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ ስለማይይዝ፣ በእህቴ ልጅ ፓስፖርት ላይ እኔን የሚያስታውስ አንድም ስም የለም፤ ወላጅ እናቷ ራሷ ብቻዋን ይዛት ብትጓዝ እንኳ ለውጭ አገር ድንበር ጠባቂ ባዳ ነው የምትመስለው። ዝምድናችን የሚታየው ሦስት ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብቻ ነው፤ የልጅቷ የልደት ምስክር ወረቀት የእናቷን ሙሉ ስም ይገልጻል፣ የእናቷና የእኔ የልደት ምስክር ወረቀቶች ደግሞ የጋራ ወላጆቻችንን ስም ይይዛሉ። ሦስቱም ሲተረጎሙ ስሞቹ በላቲን ፊደል ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ዓይነት ሆነው መጻፋቸውን ማየት ያስፈልጋል፤ እኔ አንዲት ፊደል በመለወጧ ወደ ትርጉም ቤት ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።

ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው የወላጆች ፈቃድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሞግዚትና አሳዳሪ የሚያደርገው በጋብቻ ውስጥ ያሉትን አባትና እናት በጋራ ነው፤ አክስት በአንድ ግቢ ስላሳደገች ብቻ ይህን ሥልጣን አታገኝም። ስለዚህ ሁለቱም ወላጆች ውልና ማስረጃ ቀርበው ቢፈርሙ ይመረጣል። ከመካከላቸው የሞተ ካለ የሞት ምስክር ወረቀቱ፣ ከተፋቱም ልጁን ማን እንደሚያሳድግ የወሰነው የፍርድ ቤት ውሳኔ አብሮ ይያዛል፤ በውጭ አገር ያለ ወላጅ ደግሞ በኤምባሲያችን በኩል ፈርሞ መላክ ይችላል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ራፖር ጸሐፊ፣ ቤት ስለ መሸጥ፣ ስለ መለወጥና በፍርድ ቤት ስለ መከራከር የሚዘረዝር የተለመደ ውክልና ነበር ያዘጋጀልኝ፤ ስለ ጉዞ ግን አንዲት ቃል አልነበረበትም። ጠቃሚው ሰነድ ልጁ ከማን ጋር፣ ወደየት አገር፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሄድ፣ የሚያርፍበትን አድራሻ፣ የፓስፖርት ቁጥሮቹን፣ የወላጆቹን ስልክና ቢታመም ሕክምና እንዲፈቅድ ሥልጣን የተሰጠውን ሰው የሚገልጽ ነው።

በሁለተኛው ሙከራችን ከዚህ ሰነድ ሁለት ዋና ቅጂ አስፈርመን አንዱን በእጅ ቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ፍራንክፈርት ስንደርስ ፖሊሱ ገና አፍ ሳልከፍት የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር፤ አንብቦ ማኅተም መታልን።

ሰነድ የሚያረጋግጡና ፓስፖርት የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ አንድ ናሙና በግድግዳቸው ላይ ቢለጥፉ፣ ቲኬት የሚሸጡትም የተጓዡ ዕድሜ ከ18 በታች ሆኖ ሲያዩት «ከማን ጋር ነው የሚሄደው?» ብለው ቢጠይቁ ወጪው ከወረቀቱ ዋጋ አይበልጥም።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አንባቢ፣ ከአራዳ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ