ተፈቅዷልም፣ ተከልክሏልም

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባለፈው እሁድ የላክሽው የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። ሁለቴ ሰማሁት። የልጅሽ ቪዛ መሳካቱን ስትነግሪኝ ድምፅሽ ተንቀጠቀጠ፣ እኔም መኪናዬን ጥግ አስይዤ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ግን ወዲያው ተቀየርሽብኝ። «ስማ፣ አንተ ያለህበት አገር ሐሺሽ እንደ ሳሙና በሱቅ ይሸጣል አሉኝ። ተፈቅዷል ወይስ ተከልክሏል? አንዱን ንገረኝ» አልሽ።

አንዱን ብቻ መናገር አልችልም እታለም። በስልክ ከምንተባተብ ልጻፍላት ያልኩትም ለዚሁ ነው። ተፈቅዷልም፣ ተከልክሏልም። ሙድ እየያዝኩብሽ እንዳይመስልሽ።

መጀመሪያ የተፈቀደውን ልንገርሽ። ዓመቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ። በኖቬምበር 2012 እኔ የምኖርበት የአሜሪካው ኮሎራዶ ግዛት ሕዝብ ድምፅ ሰጠና ማሪዋና፣ አንቺ ሐሺሽ ያልሽው ማለት ነው፣ ለመዝናኛ ተፈቀደ። የዋሽንግተን ግዛት ሕዝብም በዚያው ቀን እንዲሁ ወሰነ። እዚህ ኮሎራዶ ከመቶ 55 ያህሉ ይፈቀድ አለ። ሱቆቹ የተከፈቱት ጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ነው። ያኔ ታክሲ እነዳ ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያ የማነሳቸው እንግዶች ሻንጣቸውን ሆቴል እንኳ ሳያደርሱ «መጀመሪያ ወደ ሱቁ ውሰደን» ይሉኝ ነበር። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ!

አንድ ጊዜ ጉጉት አሸንፎኝ ገብቼ አይቻለሁ። የጠበቅኩት ጨለማና ጭስ ነበር። ያገኘሁት ፋርማሲ የሚመስል ቤት ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ መብራት፣ የመስታወት ሳጥን። በር ላይ ጠባቂው መታወቂያ ያያል፣ ውስጥ ደግሞ እንደገና ይታያል። 21 ዓመት ያልሞላው አይሸጥለትም። አንድ ሰው ይዞ መንቀሳቀስ የሚችለው መጠን በመጀመሪያ 28 ግራም ገደማ ነበር፣ በ2021 በእጥፍ አሳደጉት። መንገድ ላይ ማጨስ ግን ያኔም አልተፈቀደም፣ ዛሬም አልተፈቀደም። ሰው ያጨሳል ወይ ካልሽኝ፣ ያጨሳል።

ክርክሩን የሰማሁት በቴሌቪዥን አይደለም። ፓርላማችን የአውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ መጠበቂያ ነበር። ከየአገሩ የመጣ ሾፌር ወረፋ እየጠበቀ ይጨቃጨቃል። እኔ ገና ዜጋ ስላልነበርኩ ድምፅ የለኝም፣ አፍ ግን ነበረኝ። አጥብቄ እቃወም ነበር። «አልኮሉ የሚያጠፋው ቤት አነሰና ሌላ እንጨምርበት?» እል ነበር። የዚያን ጊዜው አገረ ገዢ ጆን ሂከንሉፐርም ተቃዋሚ ስለነበሩ ትልቅ ሰው ከጎኔ እንዳለ ይሰማኝ ነበር።

አንድ አዛውንት ሾፌር ግን አፌን አስያዙኝ። «ልጄ፣ ይጨስ አይጨስ ብለህ የምትከራከረው ከማን ጋር ነው? ዛሬም እኮ ይጨሳል። ጥያቄው ማን ይሽጠው ነው። ማታ ጥግ ላይ የቆመው ልጅ መታወቂያ ይጠይቃል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ልንገርሽና፣ እስከ ዛሬም አላገኘሁም።

ሐሳቤን በግማሽ ያስቀየረኝ ግን የእስሩ ነገር ነው። ኤሲኤልዩ የሚባለው የዜጎች መብት ተሟጋች ድርጅት በ2013 አንድ ጥናት አውጥቶ ነበር። ከ2001 እስከ 2010 ድረስ በመላው አሜሪካ በማሪዋና ሰበብ ከ8 ሚሊዮን በላይ ጊዜ ሰው ተይዟል። አብዛኞቹ የተያዙት ሲሸጡ አይደለም፣ ይዘው ስለተገኙ ብቻ ነው። ጥቁርና ነጭ የሚጠቀመው ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ ጥቁሩ የመያዝ ዕድሉ ከነጩ ከ3 እጥፍ ተኩል በላይ ነበር። ይህን ቁጥር ከማንበቤ በፊት እኔም በሌሊት ሥራ ላይ ሦስት አራት ጊዜ አስቁመውኛል። «ምን ሸተተኝ?» ይላል ፖሊሱ። ምንም አልሸተተውም። ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ሰው ጃኬቱን ረስቶ ቢወርድና በኪሱ ትንሽ ነገር ቢገኝ ኖሮ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ከየት እንደሆነ እንጃ። ሕጉ ከተለወጠ ወዲህ እዚህ በዚህ ሰበብ የሚያዘው ሰው በጣም ቀንሷል። የጥቁርና የነጩ ልዩነት ግን ጨርሶ አልጠፋም።

ክልከላው ከጥንት የነበረ እንዳይመስልሽ። በፌደራል ደረጃ የተጀመረው በ1937 በወጣ የግብር ሕግ ነው። ዋናው ቀስቃሽ ሃሪ አንስሊንገር የሚባሉ ባለሥልጣን ነበሩ። ተክሉን በእንግሊዝኛ ካናቢስ ይሉት የነበሩ ሰዎች፣ ከሜክሲኮ ስደተኞች ጋር እንዲያያዝ «ማሪዋና» የሚለውን ስም አራገቡት ይባላል። ስደተኛ የሌለበት ወሬ የለም መቼም። በ1970 ደግሞ ከሄሮይን ጋር በአንድ ምድብ አስገቡት፣ የመጀመሪያውና የከፋው ምድብ ውስጥ። በ1972 ጉዳዩን እንዲያጠና የተቋቋመው ኮሚሽን ለግል ጥቅም ትንሽ መያዝ ወንጀል አይሁን ብሎ ነበር። ፕሬዚዳንት ኒክሰን አልሰሙትም።

ሌላውም አገር በየመንገዱ እየሄደ ነው። ኡራጓይ በ2013፣ ካናዳ በ2018 እንደ አገር ፈቀዱ። ጀርመን በኤፕሪል 2024 አዋቂ ሰው 25 ግራም ይዞ እንዲሄድና ቤቱ 3 ተክል እንዲያበቅል ፈቀደች፣ እንደ እዚህ ግን ሱቅ አልከፈተችም። ይህ የጀርመኖቹ መንገድ ደስ ይለኛል። ሰውን ከማሰር ይተዋሉ፣ ነጋዴውን ግን አይጋብዙም።

የኔ ጠብ እኮ ከነጋዴው ጋር ነው። ድሮ በ1990ዎቹ በነበረው ማሪዋና ውስጥ፣ ቲኤችሲ የሚሉት የሚያሰክረው ነገር ከመቶ 4 ያህል ነበር ይላሉ። ዛሬ ሱቅ ያለው 20 እና ከዚያ በላይ ነው። ከእሱ ተጨምቆ የሚሠራውማ ከዚያም እጅግ ይበልጣል። ስሙ አንድ፣ ዕቃው ሌላ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው ከሚጠቀሙት 10 ሰዎች 3 ያህሉ መተው የሚያቅታቸው ወይም ኑሯቸው የሚናጋባቸው ናቸው። አንጎል ደግሞ እስከ 25 ዓመት ገደማ እያደገ ስለሆነ በወጣት ላይ ጉዳቱ ይብሳል። ልጅሽ 19 ዓመቱ ነው። ስለዚህ «ቅጠል እኮ ነው» የሚለውን ቢያመጣብሽ አትቀበይው።

የከረሜላውን ጉድ ሳልነግርሽ አላልፍም። እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ፣ በፍራፍሬ ጣዕም የተሠራ፣ ያ ቲኤችሲ የገባበት ከረሜላ አለ። ሕጉ በአንዱ ፍሬ ያለው ቲኤችሲ ከ10 ሚሊግራም፣ በእሽጉ ያለው ከ100 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል። ችግሩ ሲበላ ቶሎ አይሰማም። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ይቆያል። አንድ የሥራ ባልደረባችን ልደቱ ቀን አንዱን በላ። ምንም የለም። «ተሸወድኩ» ብሎ ሦስት ደገመ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተኝቶ፣ ልቤ ቆሟል፣ ለእናቴ ደውሉልኝ እያለ አገኘነው። ልቡ እንደ ከበሮ ነበር የሚመታው። ሌሊቱን ሙሉ እጁን ይዘን «አልሞትክም» ስንለው አደርን። አሁን ሲነሳበት ይስቃል፣ ያን ዕለት ግን ማንም አልሳቀም። በ2017 ከረሜላውን በሰው፣ በእንስሳና በፍራፍሬ ቅርፅ መሥራት ከልክለዋል። እዚያ ድረስ መድረሱ ራሱ ይገርማል።

አንድ ነገር ግን ተሳስቼ ነበር። ሱቅ ሲከፈት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ይጠፋል ብዬ ነበር። በግዛቱ የተማሪዎች ጥናት መሠረት በ2013 ባለፈው አንድ ወር ተጠቅሜያለሁ ያለው ከ5 ተማሪ አንዱ ያህል ነው። በ2019ም ያው ነበር። በ2021 ወደ 13 ከመቶ ወረደ። ኮሮና ልጆቹን ቤት ስላስቀመጠ ይሆናል የሚል አለ። ያም ሆነ ይህ፣ የፈራሁት አልደረሰም።

አሁን ወደ ተከለከለው ልምጣ። ለአንቺና ለልጅሽ ዋናው ይህ ነው።

እዚህ አገር ሁለት መንግሥት አለ ብለሽ አስቢ። የግዛቱ መንግሥት ፈቅጃለሁ ይላል። የፌደራሉ መንግሥት ደግሞ አልፈቀድኩም ይላል። ዜጋው በግዛቱ ቃል ይኖራል፣ ብዙም የሚነካው የለም። ቪዛና ግሪን ካርድ የሚሰጠው፣ ዜግነት የሚያጸድቀው፣ ድንበር ላይ የሚቆመው ግን ፌደራሉ ነው። ስለዚህ ለስደተኛው የሚሠራው ሕግ የፌደራሉ ነው። ሱቁ የልጅሽን መታወቂያ አይቶ፣ 21 ሲሞላው፣ እንኳን ደህና መጣህ ሊለው ይችላል። ቪዛ የማያስፈልገው አሜሪካዊ ጓደኛው ገዝቶ ሲወጣ ምንም አይሆንም። ልጅሽን ግን ከአገር ሊያስባርረው ይችላል። ተይዞ መፈረድ እንኳ አያስፈልግም። «አዎ፣ ተጠቅሜያለሁ» ብሎ ለኢሚግሬሽን መኮንን ማመኑ ብቻ እንደገና እንዳይገባ በር ሊዘጋበት ይችላል።

ይህን በመጽሐፍ አላነበብኩትም። በ2016 የታክሲው ሥራ ሲቀዘቅዝ በአንድ ማሪዋና ሱቅ የሌሊት ጥበቃ ሥራ አገኘሁ። ባንኮቹ የፌደራሉን ሕግ ፈርተው ስለሚሸሿቸው ሱቆቹ በጥሬ ገንዘብ ነው የሚሠሩት፣ ስለዚህ ጠባቂ ይፈልጋሉ፣ ደህናም ይከፍላሉ። ዩኒፎርሜን ተቀብዬ፣ ሰኞ ልጀምር አርብ ማታ አንድ ወዳጄ እየጎተተ ጠበቃ ዘንድ ወሰደኝ። ጠበቃዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «ዜጋ ነህ?» አይደለሁም አልኳት። «እንግዲያው ዩኒፎርሙን መልስ» አለችኝ። አኩርፌ ወጣሁ። ስንት ወር የቤት ኪራይ ያስጨነቀኝ ሰው ነበርኩ።

በኤፕሪል 2019 የዜግነት ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ መመሪያ አወጣ። በማሪዋና ንግድ ተቀጥሮ መሥራት፣ በግዛቱ ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም፣ «መልካም ሥነ ምግባር» የለውም አሰኝቶ ዜግነት ሊያስከለክል ይችላል የሚል። እዚሁ ዴንቨር ሁለት ስደተኞች በዚህ ሰበብ ዜግነት ተከልክለው፣ የያኔው ከንቲባ ማይክል ሃንኮክ ለፌደራሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደርሰዋል። ግብር ከፍለው፣ ተመዝግበው፣ በፀሐይ የሠሩ ሰዎች ናቸው። ዜናውን ያነበብኩ ዕለት ለጠበቃዋ አበባ ላኩላት።

በ2024 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ተክሉ ከመጀመሪያው ምድብ ወደ ሦስተኛው ይውረድ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ልጅሽ ይህን ጠቅሶ ሊከራከርሽ ይችላል፣ የዘንድሮ ልጅ ሁሉ ጠበቃ ነው። ሦስተኛው ምድብም ቢሆን ቁጥጥር ያለበት ዕፅ ነው፣ የስደተኛውን ጣጣ አያነሳለትም በይው።

እንግዲህ አንብቢለት። አያጭስ፣ አይብላ፣ አይግዛ፣ ለጓደኛም አይያዝ። በሱቁም በእርሻውም ለአንድ ቀን እንኳ አይቀጠር። ለቀልድ ብሎ የቅጠሉን ሥዕል ያለበት ቲሸርት ለብሶ ፎቶ አይለጥፍ። ዩኒቨርሲቲዎቹ የፌደራል ገንዘብ ስለሚቀበሉ ግቢ ውስጥ ለሁሉም ክልክል ነው። እነዚያ ፎቶ የምልክልሽ ተራሮች ያሉበት ብሔራዊ ፓርክም የፌደራል መሬት ነው። የሚያጨስ ሰው የሚነዳው መኪና ውስጥ አይግባ። ሲጠየቅ ይዋሽ እያልኩ አይደለም፣ ውሸቱ ሌላ መዘዝ አለው። የሚዋሽበት ነገር አይኑረው ነው የምለው።

እኔን ዛሬ ድምፅ ስጥ ቢሉኝ ይፈቀድ እላለሁ፣ ማስታወቂያው ግን ይከልከል። አሁን ዜጋ ስለሆንኩ ልቅመስ ብል የሚከለክለኝ የለም። አልቀመስኩም። የዚያ ባልደረባዬ መታጠቢያ ቤት ትዝ ይለኛል።

የበረራውን ሰዓት ላኪልኝ፣ ራሴ እቀበለዋለሁ። ወፍራም ጃኬት አትግዢለት፣ እዚህ አዘጋጅቻለሁ። ከተማ ስንገባ መስኮት ሲከፍት ያ ሽታ አፍንጫውን ማለቱ አይቀርም፣ ከአጎትህ መኪና አይደለም ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪው።

ናፋቂ ወንድምሽ
ከዴንቨር