ክሩ ለምን ተበጠሰ? (የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ)

የሳይንስ ክበባችን ዘንድሮም ችግኝ ተክሏል፣ የጥያቄና መልስ ውድድርም አዘጋጅቷል። እነሱን ሁላችሁም ስላያችኋቸው አልደግማቸውም። የዓመቱን ጊዜ የበላብን ጥጥ ነው።

ነገሩን ያነሳችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። አያቷ ጥጥ ሊገዙ ሲሄዱ ቆንጠር አድርገው በሁለት እጃቸው ሳብ ሳብ ያደርጉታል። ካልጣማቸው «ይሄ አጭር ነው፣ አይፈተልም» ብለው ይመልሱታል። «አጭር ቢሆንስ ምን ይሆናል?» አለችን።

መጀመሪያ ርዝመቱን ለካን። ፍሬው ያልወጣለት ጥጥ አግኝተን፣ ከአንዱ ፍሬ ላይ ጭረቶቹን (እንደ ፀጉር የቀጠኑትን የጥጥ ዘለላዎች) በማበጠሪያ አበጠርንና ጥቁር ጨርቅ ላይ አስተኛናቸው። በማስመሪያ ሲለካ 28 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሆነ። አፕላንድ የሚባለው ዝርያ ነው፤ ከዓለም ጥጥ 90 በመቶ ያህሉ እሱ ነው፣ በአዋሽ ሸለቆም የሚዘራው በአብዛኛው ይኸው ነው። ስመ ጥሩው የግብፅ ረጅም ጥጥ ግን 35 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

ከዚያ ያንኑ ጥጥ ለሁለት ከፈልነው። ግማሹን እንዳለ ተውነው፣ ግማሹን በመቀስ ከታተፍነው። ጥጡ አንድ ስለሆነ ልዩነቱ ርዝመት ብቻ ነው። አያትየው ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ሁለቱንም ፈተሉልን። የተከተፈው እንዝርቱ ላይ እየተበጠሰ ሲያስቸግራቸው፣ «ልጆቼ፣ ይሄንንስ ትራስ ውስጥ ክተቱት» አሉን።

ክሮቹን መስኮቱ ብረት ላይ አስረን ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አንጠለጠልንባቸው። ከዚያ ውሃ በትንሽ በትንሹ መጨመር ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ሚዛን አላስፈለገንም። የአጭሩ ጥጥ ክር ጠርሙሱ ሳይጋመስ ለቀቀው። ረጅሙ ብዙ ቆየ።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ጫፉ ነበር። በአጉሊ መነጽር ሲታይ የአጭሩ ጫፍ ሾጠጥ ብሎ እንደ ብሩሽ ተበትኗል። ጭረቶቹ አልተበጠሱም፤ ተንሸራተው ነው የወጡት! የረጅሙ ጫፍ ቁርጥ ያለ ነው፤ ብዙዎቹ ጭረቶች ራሳቸው ተበጥሰዋል።

ክር ውስጥ ሙጫ የለም። ጭረቶቹን አንድ ላይ የያዛቸው ሰበቃ ነው። ክሩ ሲከር እርስ በርስ ይጨናነቃሉ። ረጅም ጭረት ከጎረቤቶቹ ጋር የሚነካካበት ቦታ ሰፊ ስለሆነ በቀላሉ አይሾልክም። ለዚህም ነው ከረጅም ጥጥ ቀጭን ክር መፍተል የሚቻለው። አጭሩንም አብዝቶ በማክረር ማጠንከር ይቻላል፤ ግን ልክ አለው። ሲበዛ ጭረቶቹ ይጋደሙና ክሩ መልሶ ይደክማል። ሸማኔ ይህን ሳንነግረው ያውቃል። ድሩ ሁልጊዜ ስለሚወጠርና ስለሚፋተግ የከረረና ጠንካራ ክር ይመርጥለታል። ማጉ ግን ለስለስ ቢል ጋቢውን ያሞቀዋል።

አንዱ ተማሪ ውሃ ሲጨምር ክሩን አረጠበው። አለቀለት ስንል ጭራሽ ጠነከረ። ጥጥ እንዲህ ነው፤ ሲርስ ጥንካሬው ይጨምራል። ሬዮን የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ግን ተቃራኒው ነው።

ለከርሞ የክሩን ክረት በቁጥር መለካት እንፈልጋለን። ወደ አርባ ምንጭ ወይም ወደ መተማ የምትሄዱ ወላጆች አንድ ፌስታል ጥጥ ብታመጡልን ውለታችሁ ብዙ ነው። ያልተዳመጠ ይሁን፤ ፍሬው ላይ እንዳለ መለካቱ ይቀላል።