«ኦንላይን ስለሆነ አይመለከተንም» ላሉኝ ኃላፊ፦ ግልጽ ደብዳቤ ከባህር ዳር

ክቡር ኃላፊ፣

በእናቴ ቤት ፎቶ በኢንተርኔት ስለሚወጣ የማጭበርበሪያ የኪራይ ማስታወቂያ የሸማች አቤቱታ ለሚቀበለው መስሪያ ቤትዎ አቤቱታዬን በወረቀት አስገባሁ፣ ማህተም ተመታበት፣ መልስ የለም። ስደውል «ጉዳዩ ባለሙያው ጋር ነው» ይሉኛል፣ ባለሙያው ጋር ስሄድ ስብሰባ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ እርስዎን ራስዎን ቢሮዎ ገብቼ ሳገኝዎት ፋይሉን እንኳን ሳይገልጡ «ይሄ እኮ ኦንላይን ነው፣ ድርጅቱም አዲስ አበባ ነው የተመዘገበው፣ እኛን አይመለከትም» ብለው ሸኙኝ። ስለዚህ አሁን ሰው ሁሉ እያየው እጽፍልዎታለሁ። ስምዎንም የመስሪያ ቤቱንም ስም አልጠራሁም፣ የምፈልገው ስራው እንዲሰራ ነው እንጂ ከሰው መጣላት አይደለም። ሲያነቡት ግን ለእርስዎ እንደሆነ ያውቁታል።

እናቴ ሽምብጥ ነው የምትኖረው። አባቴ ካረፈ በኋላ ጡረታው አልበቃ ሲላት ግቢው ውስጥ ያለችውን ሁለት ክፍል ሰርቪስ ለማከራየት አሰበች። ደላላ ከሚገባና ከሚወጣ ብለን ቤት በኢንተርኔት የሚያስተዋውቅ አንድ ድርጅት ጋር ተመዘገብን፣ ፓኬጅ ገዛን፣ በሩ፣ ግቢው፣ ማንጎው ሳይቀር ፎቶ ተነስቶ ተለጠፈ፣ ሎኬሽኑም ተቀመጠ። ቤቱ ቶሎ ተያዘ፣ ጥሩ ልጆች ገቡበት። ከዛ ማስታወቂያውን አውርዱልን አልን። «ፓኬጁ ጊዜው አላለቀም» አሉን። ጊዜው ሲያልቅ ደግሞ «ሲስተሙ ራሱ ያወርደዋል» አሉ፣ አላወረደውም። የእናቴ ስልክ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮሃል፣ ቤቱ ተይዟል እያለች ስትመልስ ትውላለች፣ የሰዓት ልዩነቱ ሳይታሰበው ከውጭ ሀገር በእንቅልፍ ሰዓት የሚደውልም አለ። የተያዘ ቤት አለማውረድ ለነሱ ይጠቅማል፣ ብዙ ቤት ያላቸው ይመስላሉ፣ ደዋዩን ደግሞ ወደ ሌላ ቤት ይወስዱታል። ለእናቴ ግን እረፍት ማጣት ነው።

ይሄ ብቻ ቢሆን ችለነው ዝም ባልን ነበር። ትንሽ ቆይቶ እዛው ድርጅት ላይ፣ የእናቴን ቤት ፎቶዎች የያዘ ሌላ ማስታወቂያ ወጣ። ፎቶው የኛ፣ ሎኬሽኑ የኛ፣ ስልኩ ግን የማናውቀው ሰው፣ ዋጋው እኛ ከጠየቅነው ወረድ ያለ፣ ከላዩ ላይ ደግሞ «የተረጋገጠ» የሚል ምልክት ተለጥፎበታል። ማን ነው ያረጋገጠው? ከድርጅቱ ግቢያችን የመጣ ሰው የለም፣ መታወቂያ የጠየቀ የለም፣ ካርታ ያየ የለም። ምልክቱ የሚሰጠው ውድ የሆነውን ፓኬጅ ለገዛ ነው፣ ለኛም ደውለው ሊሸጡልን ሞክረው ስለነበር አውቀዋለሁ። ማለትም አታላዩ ከፈለ፣ ድርጅቱ ብሩን ተቀበለና የሰው ቤት የሱ እንደሆነ መሰከረለት።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በራችን ላይ ባጃጅ ቆመ። አንዲት ወጣት ህጻን አዝላ፣ ፍራሽና ሻንጣ አስጭና ወረደች። ከወረዳ ወደዚህ ተዛውራ የመጣች የጤና ባለሙያ ናት። የሁለት ወር ኪራይ ከነኮሚሽኑ በሞባይል ባንኪንግ ከፍላለች፣ ደረሰኙ ስልኳ ላይ አለ፣ «ቁልፉን ግቢው ውስጥ ያሉት እናት ይሰጡሻል» ተብላለች። «እማማ፣ ቁልፉን ልቀበልዎት ነበር» ስትላት እናቴ የምትለው ጠፋት። ልጅቷ መጀመሪያ አላመነችም፣ ስልኳን ዘርግታ «ይሄው በሩ፣ ይሄው ማንጎው፣ የተረጋገጠ ይላል እኮ» እያለች ታሳያለች። ደወለች፣ ስልኩ ዝግ ነው። ደገመች፣ ዝግ። እዛው በራፉ ላይ ቁጭ አለች። እናቴ «ግቢ ልጄ፣ ህጻኑን ብርድ ይመታዋል» ብላ አስገባቻት፣ ሌላ ቤት እስክታገኝ ድረስ ሳሎናችን ውስጥ ፍራሿን ዘርግታ ከረመች።

ከሷ በኋላ የመጣው ሰውዬ ግን ቁጭ ብሎ አላለቀሰም። ብሩን ተበልቷል፣ አልፈርድበትም። የግቢውን ቆርቆሮ በር በድንጋይ እየደበደበ «አንቺ ነሽ ከነሱ ጋር የምትካፈይው፣ ሌባ!» ብሎ እናቴ ላይ ጮኸባት። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየ። እናቴ እኮ እዛ ሰፈር ልጆቿን አሳድጋ ለወግ ማዕረግ ያበቃች፣ የእድሩ ገንዘብ ያዥ የነበረች ሴት ናት። ነበረች ያልኩት ከዛ በኋላ ስለተወችው ነው። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ደብተሩንና የባንክ ወረቀቱን ይዛ ሄዳ «ሌላ ሰው ፈልጉ» ብላ አስረከበች። ማንም ውረጂ አላላትም፣ ለመኗት እንጂ። «ስሜ በሌብነት ተነስቶ የሰው ገንዘብ አልይዝም» አለች፣ አበቃ። ዛሬ በር ሲንኳኳ መጀመሪያ በቀዳዳው ታያለች። ክቡር ኃላፊ፣ ይሄን ማን ነው የሚመልስላት? እርስዎ «ኦንላይን ነው» ያሉት ነገር የተፈጸመው እናቴ በር ላይ ነው፣ ድንጋዩ ያረፈው ቆርቆሮው ላይ ነው፣ ስድቡም በአማርኛ ጎረቤት እየሰማ ነው የተሰደበው።

ማስታወቂያውን ለድርጅቱ ሪፖርት አደረግን። መጀመሪያ አውቶማቲክ መልስ መጣ፣ ከዛ አንድ ልጅ «እኛ ማስታወቂያ ብቻ ነን፣ በተጠቃሚዎች መካከል ለሚፈጠር ጉዳይ ተጠያቂ አይደለንም» ብሎ ጻፈልኝ። የዛን ሰው ማንነት ስጡን ስንል «የደንበኛ ሚስጥር ነው» አሉ። የኛስ ፎቶ፣ የኛስ አድራሻ የማን ሚስጥር ነው? ደጋግሜ ስጽፍ ብሎክ አደረጉኝ። ፖሊስ ጋር ሄድን፣ ብር የተበሉት ሰዎች ያመልክቱ ተባልን፣ እነሱም አመለከቱ፣ ያለበትን እነሱ ያውቃሉ። እኔ እርስዎ ጋር የመጣሁት ሌባ ያዙልኝ ለማለት አይደለም። ብር እየተቀበለ ያላየውን ቤት «የተረጋገጠ» እያለ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ጉዳይ ስለሆነ ነው፣ ይሄ ደግሞ የእናንተ ስራ ነው።

ህጉን ከኔ በላይ ያውቁታል፣ ግድግዳዎ ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር ላይም የሸማች አቤቱታ እንቀበላለን የሚል አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የማስታወቂያ አዋጁ ቁጥር 759/2004ም ማስታወቂያ እውነተኛና የማያሳስት መሆን አለበት ነው የሚለው። «ኦንላይን ነው» ለሚለው ደግሞ ሀገሪቱ ለብቻው ህግ አውጥታለች፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012። እሱ አዋጅ ደግሞ በኤሌክትሮኒክ የሚሸጥ ሰው ማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ ለሸማቹ ማሳወቅ አለበት ይላል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አለ። እነዚህ ሁሉ ታውጀው፣ በነጋሪት ጋዜጣ ታትመው እያሉ አንድ የመንግስት ኃላፊ ኦንላይን ስለሆነ አይመለከተኝም ሲል ምን ማለት ነው? ገበያ ላይ ሚዛን ያጎደለ ነጋዴ ብትይዙ ሚዛኑ አዲስ አበባ ነው የተገዛው ብላችሁ ትለቁታላችሁ?

ኪራዩን በተመለከተም የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሁፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይለፍ ብሏል። ይሄን የምጠቅሰው በምክንያት ነው። ውል በየቦታው በደንብ ቢመዘገብ ኖሮ አከራይ ነኝ የሚለው ሰው መታወቂያና ካርታ ይዞ ይቀርብ ነበር፣ የእናቴን ሰርቪስ የማያውቃት ሰው ሊያከራያት አይችልም ነበር። ማስታወቂያዎቹን ግን ግቡና እዩ፣ የስድስት ወር ቅድሚያ፣ የአንድ አመት ቅድሚያ ተብሎ በግልጽ ተጽፏል፣ ማንም አያፍርም ማንም አይጠይቅም። ቀብድ ላኩ የሚለውም እንደዛው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ እኮ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያልፈጸመ ሰው እጥፉን ይመልሳል ይላል፣ ከማን ይመለስ? ስሙ የማይታወቅ፣ ስልኩ የተዘጋ፣ ማስታወቂያውን ያወጣለት ድርጅት «ሚስጥር ነው» ብሎ የደበቀው ሰው ነው።

ሰዉ ለምን ሳያይ ብር ይልካል እንዳይሉኝ። እርስዎም ባህር ዳር ነው የሚኖሩት። ከጸጥታው ችግር የተነሳ ከወረዳ ወደ ከተማ የገባው ሰው ብዙ ነው፣ መንገድ ሲከፈት ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ቤት ሊያይ ደርሶ ሊመለስ አይችልም። ተዛውሮ የሚመጣ ሰራተኛ አለ፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ፔዳ ወይ ፖሊ፣ የሚያስተምር ወላጅ አለ፣ ውጭ ሆኖ ለእናቱ ቤት የሚፈልግ አለ። እነዚህ ሰዎች አይናቸው ያ ፎቶ ብቻ ነው፣ ተስፋቸው ያ «የተረጋገጠ» የሚል ምልክት ነው። እሱን ምልክት ለገንዘብ የሚሸጥ ሰው እነዚህን ሰዎች ነው የሚሸጠው።

ነገሩ ኪራይ ላይ አያቆምም። እናቴ ላይ ይሄ ከደረሰ በኋላ ቁጭ ብዬ የባህር ዳርን ማስታወቂያዎች ሳይ አመሸሁ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ከተመረቀ ወዲህ ሁሉም ቤት «ድልድዩ አጠገብ» ሆኗል፣ ሰፈሩን ለሚያውቅ ሰው ፎቶው ከከተማው ወጣ ያለው ዘንዘልማ መሆኑ ያስታውቃል። አዲስ አበባ ያለ አፓርትመንት ቀበሌ 14 ተብሎ ተለጥፏል። «ጣና ዳር ቦታ» ይላል፣ ፎቶው ላይ ደንገል ይታያል፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ረግረግ ነው፣ ጣና ደግሞ ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር፣ ማለትም ተፈጥሮው የሚጠበቅ ቦታ ነው። ከዛ «የገበሬ ቦታ፣ ካርታ በሂደት ላይ» የሚል አለ፣ ሰባታሚት በኩል፣ ዘንዘልማ በኩል፣ በካሬ ዋጋ ወጥቶለት። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፣ እዚህ ግን በፎቶ ከነስልክ ቁጥሩ ይሸጣል፣ ማስታወቂያውን ያወጣው ድርጅት ክፍያውን ይወስዳል፣ ነገ ዶዘር ሲመጣ የሚያለቅሰው የገዛው ደሀ ነው። ይሄን የከተማው መሬት ቢሮ አያየውም? እናንተስ አታዩትም? እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ በስልክ ያየሁትን?

አንድ ነገር ግን እንዳይሳሳቱብኝ። ዝጉት አላልኩም። እዚህ ክልል ሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦብን ስንት ወር እንደኖርን ያውቃሉ፣ ሲመለስ ምን ያህል እንደተደሰትንም ያውቃሉ። ቤት በኢንተርኔት ማግኘት ጥሩ ነገር ነው፣ የእናቴን ቤት ጥሩ ተከራዮችም ያገኙት በሱ ነው። በትክክል የሚሰሩ ልጆች አሉ፣ ሄደው አይተው፣ ራሳቸው ፎቶ አንስተው፣ ቤቱ ሲያዝ በዛው ቀን የሚያወርዱ። እነሱም የሚጎዱት አጭበርባሪው ዝም ስለሚባል ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ብር ተቀብሎ የቤት ማስታወቂያ የሚያወጣ ድርጅት ማስታወቂያውን ያስወጣውን ሰው መታወቂያና ቤቱ የሱ መሆኑን ወይም ውክልና መያዙን ይይ። «የተረጋገጠ» ያለውን ሄዶ ያላየው ከሆነ ምልክቱን ያንሳ። ባለቤቱ አውርዱ ሲል ያውርድ። የተጭበረበረ ማስታወቂያ አውጥቶ ከተገኘ ቢያንስ የተቀበለውን ብር ለተበደለው ይመልስ፣ ማስታወቂያውን ያስወጣውንም ሰው ማንነት ለህግ ይስጥ። ድርጅቱ አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ እናንተ ወደ አዲስ አበባ ደብዳቤ ትጽፋላችሁ፣ እኔ ግለሰብ ነኝ፣ ማህተም ያላችሁ እናንተ ናችሁ።

ለእናቴ ደግሞ አንድ ወረቀት እፈልጋለሁ። የቤቷ ፎቶ ያለፈቃዷ ለማጭበርበር እንደዋለ፣ እሷ ምንም እጅ እንደሌለበት የሚገልጽ፣ ማህተም ያለው። ለእድሩ የምናነበው። ብሩን ለተበሉት ሰዎች እሱ ወረቀት ምንም አያደርግላቸውም፣ ለሷ ግን ብዙ ነው።

ይሄን ደብዳቤ ስጽፍ ማስታወቂያው አሁንም አለ፣ ከነምልክቱ፣ ስልኩ ብቻ ተቀይሯል። ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ፍራሹን ጭኖ ሊመጣ ይችላል። አቤቱታዬ እናንተ ጋር ነው፣ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ የክፍያ ደረሰኙም ስክሪንሾቶቹም ከጀርባው ተያይዘዋል። መልሱን በጽሁፍ ስጡኝ። አሁንም አይመለከተንም የምትሉ ከሆነ የሚመለከተውን መስሪያ ቤት ስም ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁበት ስጡኝ፣ እሱን ይዤ ወደዛ እሄዳለሁ።

የአመልካቿ ልጅ፣ ከሽምብጥ፣ ባህር ዳር