የማሪያ አንሶላ

ሚጡዬ፣ እንደምን ከረምሽ? እማዬስ፣ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ፣ ብርዱ ገና አልለቀቀንም እንጂ።

«ደውል እንጂ ምን ትጽፋለህ» እንደምትይ አውቃለሁ። ስልክ ላይ ግን ሁሌ ስለ ብርና ስለ ኔትወርክ አውርተን ነው የምንዘጋው። ዛሬ ስለ ፊልም ላውራሽ።

ፓርኪንግ የሌሊት ፈረቃ ገባሁ ብዬሽ የለ? ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንቅልፍ እንጂ ሰው አይመጣም። ስለዚህ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤተ መጻሕፍት አሮጌ ፊልም እየተዋስኩ (በነጻ ነው፣ አትሳቂ) ላፕቶፔ ላይ ማየት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያየሁት እማዬ ስታወራልን ያደግነውን ማዘር ኢንዲያን ነው፣ የ1957ቱን የህንድ ፊልም። ሂንዲ አንድ ቃል ሳታውቅ የነገረችን ታሪክ ለካ ምንም አልተዛነፈም! ተዋናይዋ ናርጊስ በበሬ ፈንታ ራሷ ማረሻውን ስትጎትት የምታሳየን እንኳን ቁርጥ እንደዚያው ነው። አንድ ነገር ንገሪልኝ፦ መጨረሻ ላይ በጥይት የምትገድለው ልጇ፣ ሱኒል ደት የሚባለው ተዋናይ፣ በ1958 በእውነት አገባት። በዓመቱ ከልጅነት ወደ ባልነት! ዘፈኑን እየዘለልኩ እንዳየሁት ግን እንዳትነግሪያት።

ከዚያ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አየሁ። ተማሪ እያለሁ ሲያሳዩን ግማሹ ላይ ሹልክ ብዬ ወጥቼ ማኪያቶ የጠጣሁበት ፊልም ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሄድ፣ በ1974 ንጉሡ በወረዱበት ዓመት የተቀረጸ። ያኔ «ምን ይንቀራፈፋል» ያልኩት ቦታ ላይ አሁን ጭራሽ ወደ ኋላ እየመለስኩ አየሁት፣ ማንም የማይቸኩልበት ነገር ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ባለመሬቱ ባርኔጣውን ደፍቶ ጭሰኞቹን ሲያመናጭቅ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቆይቶ ግን ሆዴ ተላወሰ። እዚህ አለቃ ቢቆጣኝ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙም አይሰማኝም፤ የአማርኛ ቁጣ ግን አጥንት ድረስ ይገባል። ደግሞ ኃይሌ ራሱ እዚሁ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ስንት ዓመት አስተምሯል፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ሳንኮፋ የሚባል መጻሕፍት ቤትም አለው። በደጁ ስንቴ አልፌያለሁ!

የጻፍኩልሽ ግን በሦስተኛው ምክንያት ነው። የጣሊያን ነው፣ «የብስክሌት ሌቦች»፣ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 የሠራው። እኔ የሰው መኪና እየጠበቅኩ የሰው ብስክሌት ተሰረቀ! አባትየው ሮም ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ ሥራ አጥቶ ሲንከራተት ቆይቶ፣ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፣ ግን ብስክሌት ያለው ብቻ ነው የሚቀጠረው፣ የሱ ደግሞ መያዣ ተይዟል። ይሄኔ ሚስቱ ማሪያ ከአልጋው ላይ አንሶላውን ትገፍፋለች። ጠቅልላ፣ ወስዳ ታሲዛለች። ተቀባዩ ጥቅሉን ይዞ መደርደሪያው ላይ ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ ሲወጣ ብታይ፣ እስከ ጣሪያ ድረስ የሰው ሁሉ አንሶላ ነው። ቶሎ ያልፋል። እኔ ግን እዚያ ላይ አቆምኩት።

ብስክሌቱ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግርሽም፣ ራስሽ እዪው። ትንሹ ልጅ ብሩኖ ምግብ ቤት ውስጥ እየበላ የሀብታሙን ልጅ በጎን የሚያይበት ግን እንዳያመልጥሽ። አባትየውን የሚጫወተው የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ተዋናይ አልነበረም፣ ፊቱ ላይም ያስታውቃል።

የእማዬ የአንገት ሀብል ትዝ ይልሻል? ለኔ የአውሮፕላን ቲኬት የተሸጠው። ፒያሳ ወርቅ ቤት አብሬያት ገብቼ ነበር። ሰውዬው ሚዛን ላይ ሲያስቀምጠው እኔ ስልኬን እየጎረጎርኩ ነበር፣ ቀና ብዬ አላየሁም። እሷም ስንወጣ «ና ቡና እንጠጣ» አለችኝ፣ በቃ። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ አንዲት የጣሊያን ሴት አንሶላ ስትገፍፍ አይቼ፣ በሌሊት፣ ብቻዬን፣ ቡዝ ውስጥ ተነፋረቅኩልሽ። አንዱ የፓርኪንግ ሊከፍል መጥቶ «ደህና ነህ?» አለኝ። አለርጂ ነው አልኩት።

ፒያሳ መፍረሱን ሰምቻለሁ፣ ወርቅ ቤቱም አብሮ ሄዶ ይሆናል። ለሀብሉ ግን እዚህም ወርቅ ቤት አይጠፋም። ስንት ግራም እንደነበረና ቅርጹ ምን እንደሚመስል በዘዴ ጠይቂልኝ፣ የድሮ ፎቶ ላይ ካለም አንስተሽ ላኪልኝ። ለምን እንደሆነ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ፤ እሷ እንደሆነች «ይልቅ ለራስህ ጃኬት ግዛበት» ነው የምትለኝ።

ወንድምሽ