ጉድጓዱ ሳይለካ አስፋልት አይጫን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምቱ ሲወጣ በአዲስ አበባ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው መንገድ ጉድጓድ መድፈን ይጀመራል። በዚህ ሥራ የካርቦን ልቀት ይቀነስ ሲባል ብዙዎች ውድ ማሽን ይታያቸዋል። እኛ የመንገድ ጥገና ባለሙያዎች ግን አስቀድመን የምንጠይቀው ስልክና ሜትር ነው።

ትኩስ አስፋልት የሚመረተው ወደ 150 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ግሎ ነው። በግምት ተጭኖ ሲተርፍ ቀዝቅዞ ይደፋል፤ ለማጋያው የነደደው ነዳጅም አብሮ ይባክናል። ሲያንስ ደግሞ ገልባጭ መኪናው ዳግም ይመላለሳል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል።

ኮቦኮሌክትን የመሰለ ነፃ መተግበሪያ ኔትወርክ በሌለበትም ቦታውን፣ ልኬቱንና ፎቶውን ይይዛል። መለካት ያለበት ከመድፈን በፊት በጉድጓዱ ዙሪያ የሚቆረጠው አራት ማዕዘን እንጂ የሚታየው ጉድጓድ አይደለም፤ ቆረጣው ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ጤነኛው አስፋልት ይገባልና። 1.2 በ0.8 ሜትር፣ ጥልቀቱ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቆረጣ ተጠቅጥቆ 135 ኪሎ ገደማ አስፋልት ይወስዳል። ድምሩ ላይ ለብክነት 5 በመቶ መጨመር ይበቃል። ውኃ ያቆረን ጉድጓድ በዓይን መገመት ግን ሒሳቡን ሁሉ ያበላሻል፤ ውኃው ይቀዳ፣ ልል አፈሩ ይጠረግ፣ ከዚያ ይለካ። የስልክ ጂፒኤስ በጥቂት ሜትሮች ስለሚስት የመንገዱ ግራና ቀኝ በጽሑፍ ይመዝገብ። አለበለዚያ ሠራተኛው ጉድጓዱን እየፈለገ መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ ይቆማል፤ እንዲያ ሲቆም በሰዓት ከ2 እስከ 4 ሊትር ይበላል።

የመንገድን ሸካራነት በስልክ ንዝረት የሚለኩ መተግበሪያዎችም አሉ። ለከተማዋ ዳርቻ ብቻቸውን አንመክራቸውም፦ ሾፌር ጉድጓድ ሲያይ ይሸሸዋል፣ ስልኩም አይመዘግበውም፤ በመጨናነቅ ውስጥ ደግሞ ንባቡ ዋጋ የለውም።

በስልክ የሚሞላው ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ ሳይገባ መቅረት የለበትም፦ አጠገቡ ያለው ቦይ ተደፍኗል ወይ? በአፈርና በፕላስቲክ የታፈነ ቦይ ውኃውን ወደ አስፋልቱ ሥር ይመልሰዋል፤ ድፍኑ በቀጣዩ ክረምት ይነሳል፣ ማጋያው፣ ገልባጩና ሮለሩም ለዚያው ጉድጓድ ሁለተኛ ይነዳሉ። እንዲህ ያለው ቦታ ካርታው ላይ በቀይ ይለይና በግንቦት አካፋ የያዙ ሠራተኞች ይሰማሩበት፤ ይህ ሥራ ናፍጣ አይጠይቅም። ቦዩ መጠረጉን የሚያሳይ ፎቶ ሳይገባ ለዚያ ጉድጓድ የጭነት ትዕዛዝ እንዳይጻፍ የጥገና ኃላፊዎችን እንጠይቃለን።

የመንገድ ጥገና ባለሙያዎች፣ ከአቃቂ ቃሊቲ