ከማደንዘዣው በፊት ፈቃዱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ለከባድ ድባቴ የሚሰጠው፣ ለአጭር ጊዜ በአንጎል ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ሕክምና እንደሚወራው አያስፈራም፤ ታካሚው በማደንዘዣ ይተኛል፣ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ጥርሱና ምላሱ እንዳይጎዳ መከላከያ ይነክሳል። እኔን የሚያሳስበኝ የፈቃዱ ወረቀት ነው። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ የመጣ አስታማሚ «እዚህ ጋ ፈርም» ሲባል ይፈርማል። ታካሚው ተረድቶ መወሰን ከቻለ ግን ፈራሚው እሱ ራሱ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ዙር እንደሚወስድ፣ በሕክምናው ሰሞን የነበረ ትዝታ ሊጠፋ፣ አንዳንዱም ላይመለስ እንደሚችል፣ ከፈረመ በኋላም መተው መብቱ እንደሆነ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው።

«አትብላ» ማለት ብቻም አይበቃም። ምግብ ከማደንዘዣው ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ውሃ 2 ሰዓት አስቀድሞ ይቆማል። «ትንሽ ቆሎ ምን ያደርጋል» የሚል ዘመድ መቼም አይጠፋም፤ በማደንዘዣ የተኛ ሰው የጨጓራው ምግብ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ከደብረ ብርሃን