የሐምሌው ፌስቲቫል በጥር ይጀመራል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የአውሮፓ በጋ የሚውለው በእኛ ክረምት ነው። የሮስኪልደው የዴንማርክ የሙዚቃ ፌስቲቫል በሰኔ መጨረሻ፣ በኔዘርላንድስ የሮተርዳሙ ኖርዝ ሲ ጃዝ በሐምሌ መጀመሪያ ይካሄዳሉ። ከድሬዳዋ ለመሄድ የሚያስቡ ሰዎች ግን መጀመሪያ የመግቢያ ትኬቱን ይገዙና ቪዛውን ኋላ ያስታውሱታል። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የሸንገን ቪዛ (ዴንማርክንና ኔዘርላንድስን ጨምሮ የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ለሐምሌ መጀመሪያ ጉዞ ይህ ማለት ከጥር መጀመሪያ ነው። ሕጉ ጉዞው 15 ቀን እስኪቀረው ቢፈቅድም፣ ውሳኔው ራሱ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች እስከ 45 ቀን ይወስዳል። ስለዚህ ሰኔ ገብቶ ማመልከት ቁማር ነው። አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ በአካል መቅረብ ስለሚያስፈልግ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪውን አብራችሁ አስሉ። የማመልከቻው ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን፣ ፓስፖርቱም ከሸንገን አገሮች ከወጡ በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። ሁለትና ሦስት አገር የሚዞር ሰው የሚያመለክተው ብዙ ቀን ለሚቆይበት አገር ነው።

የፌስቲቫል ትኬት ለምን እንደሚሄዱ ይናገራል እንጂ እንደሚመለሱ አይናገርም። መመለስዎን የሚናገሩት የመሥሪያ ቤት የዕረፍት ደብዳቤ፣ የንግድ ፈቃድና የባንክ ሒሳብ መግለጫ ናቸው። ከማመልከቻው ሁለት ቀን በፊት ድንገት የገባ ብር ደግሞ ከመርዳት ይልቅ ጥያቄ ያስነሳል።

ስም ሌላው ጣጣ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የትኬት ቅጹ ግን ይጠይቃል። አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሞላና በር ላይ መታወቂያ ሲጠየቅ ከፓስፖርቱ አይገጥምም። መፍትሔው በፓስፖርቱ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የሰፈረውን፣ የላቲን ፊደሉን እንኳ ሳይለውጡ መገልበጥ ነው።

ሰዓቱ ከሁሉም የባሰ ያሳስታል። የመድረኩ መርሐ ግብር በ24 ሰዓት ይጻፋል፤ 21:00 በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ 01:30 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ፈረንጆቹ ቀን የሚለውጡት እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ «ቅዳሜ 01:30» የተባለው ዝግጅት እኛ «ለቅዳሜ አጥቢያ» የምንለው ነው። ቅዳሜ ማታ የሄደ ሰው መድረኩን ባዶ ያገኘዋል። ይባስ ብሎ አንዳንድ አዘጋጅ ያንኑ ዝግጅት ዓርብ ከሚለው ዓምድ ሥር ያስቀምጠዋል፤ (ለነገሩ ይህኛው ለእኛ ይቀለናል)። ስለዚህ ከዝግጅቱ በፊትና በኋላ ማን እንደሚጫወት አይቶ ቀኑን ማረጋገጥ ይሻላል። በዚያ ወቅት ሮተርዳምም ኮፐንሃገንም ከእኛ በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው።

በብዙዎቹ ፌስቲቫሎች ምግብና መጠጥ በካርድ ብቻ ስለሚሸጥ ጥሬ ዩሮ አይበቃም፤ በውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ከባንክዎ ይዘው ይነሱ። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ፓወር ባንክ ሲገዙ የሚይዘው ኃይል በዋት ሰዓት (Wh) የተጻፈበትን ይምረጡ። ከ100 ዋት ሰዓት ያልበለጠው በእጅ ሻንጣ ይገባል፤ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ ግን ክልክል ነው። በሮስኪልደ ድንኳን ውስጥ ለሚያድር የድሬ ሰው የሌሊቱ ብርድ ቀልድ አይደለም፤ ወፍራም ሹራብና የዝናብ ልብስ ያስፈልገዋል። የሮተርዳሙ በአዳራሾች ውስጥ ስለሆነ ይህ ሐሳብ የለበትም።

ድምፅ 100 ዴሲቤል ሲደርስ ጆሮ ያለ መከላከያ የሚችለው 15 ደቂቃ ገደማ ነው። የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛውን በጣት አቅጥኖ መጠቅለል፣ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይ ስቦ ማስገባት፣ እስኪያብጥም ግማሽ ደቂቃ ያህል መያዝ ነው። ሳይጠቀለል ጆሮ በር ላይ የተወተፈ መድፈኛ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

የአወዳይ ጫት ለጓደኛ መውሰድ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ። ኔዘርላንድስ በ2013 እ.ኤ.አ. ከልክላዋለች፤ ዴንማርክም አትፈቅድም። አንዲት ዙርባ እንኳ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ታስይዛለች። ቋንጣና ቅቤም ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ስለማይገቡ ለእናቶች ሻንጣ ሳይዘጋ መንገር ይሻላል።

ከጉዞ ወኪል ሠራተኞች
ከዚራ፣ ድሬዳዋ